ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አሥራ አንድ እንግዳ፣ አንድ ሽንት ቤት

መስከረም 21ን ግሸን ማርያም ለመዋል ብዬ ከለንደን ደሴ ስገባ የእናቴ ቤት ሞልቶ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከወልድያ የመጣው፣ ከኮምቦልቻ የወጣው ሲደመር አሥራ አንድ ሰው። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ እሱም ታሟል። ሰፈራችን «ቧንቧ ውሃ» ይባላል፣ ውሃው ግን የሚመጣው በፈረቃ ነው። ደሴን የሚያውቅ ይህን ቀልድ ከእኔ በፊት ሰምቶታል።

ሕመሙ ሦስት ነበር። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሳጥን ቀን ከሌት እየፈሰሰ ሮቶውን ባዶ ያሳድረዋል። ሻወሩ ወለል ላይ ያለው ማፍሰሻ ይሸታል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳህን ደግሞ ውሃ ሲለቀቅበት በመውረድ ፈንታ ሽቅብ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ቧንቧ ሠራተኛ ያገኘሁት ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤት መድረሱ አስደሰተኝ፤ ለንደን ላይ በር ለማንኳኳት ብቻ የሚያስከፍል አለ፣ ያውም ከቀናት ቀጠሮ በኋላ። ሰውየው ትሑት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን አያይም። የሳጥኑን ክዳን ሳያነሳ «ሙሉው ይቀየር» አለ። የማፍሰሻውን ሽታ «ሴራሚኩ ፈርሶ ካልታየ አይገኝም» አለ። እስከዚያው ብሎ የሳህኑን ግርጌ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባው። የዕቃ ደረሰኝ ስጠይቀው ሱቁ ነገ ይሰጥሻል ተባልኩ፤ ነገ አልመጣም። በማግስቱ ሮቶው ባዶ፣ ሽታው እንዳለ፣ ሲሊኮኑ ግን ያምራል።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ቡና ላይ ነው። ጎረቤታችን ቤት አቦል ላይ ችግሬን አወራሁ፣ ቶና ላይ የሦስት ባለሙያ ስም ተጠራ፣ በረካ ላይ አንዱ ተመረጠ። «አብሽሪ፣ ሙጋድ ሰፈር ያለው ልጅ ይምጣልሽ» አሉኝ ባለቤቷ። «የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ቧንቧ የሠራው እሱ ነው፤ ሁለቱም ጋ አልፈሰሰም።»

ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አራት ሰዓት መጣ። ይህን ሳልጽፍ አላልፍም፤ ስልኩም ዝግ ነበር። ገብቶ እናቴን ሰላም ካለ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው «እማማ፣ ቀይ ሥር ይኖርዎታል?» የሚል ሆነ። ተቀቅሎ የተቀመጠ ነበረ። ውሃውን ሳጥኑ ውስጥ ጨመረና ማንም እንዳይለቅ አስጠንቅቆ ሃያ ደቂቃ ያህል ቡና ጠጣ። ስንመለስ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሮዝ ሆኗል። ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጎሚኒ ደርቆ አልገጥም ብሏል ማለት ነው። የተቀየረው ያች መዳፍ የማታህል ላስቲክ ብቻ ናት።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። ከለንደን በሻንጣ ይዤው የመጣሁትን አዲስ የውሃ መሙያ ተንሳፋፊ በኩራት ሰጠሁት። ገጠመው፤ ሳጥኑን ለመሙላት ዘመን ፈጀ። ዕቃዬ ተበላሽቶ ደርሷል ብዬ ልበሳጭ ስል እሱ ሳቀ። «እህቴ፣ ይኼ ጉልበት ያለው ውሃ ለምዶ ነው። የኛ ከሮቶ ነው የሚወርደው።» ሮቶው የቆመው ከሳጥኑ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። አንድ ባር ግፊት ለማግኘት ደግሞ ውሃው አሥር ሜትር ያህል ከፍታ ይፈልጋል፤ እኛ ያለን የዚያ አንድ አምስተኛ ነው። ከመሙያው አፍ ላይ፣ ለከባድ ግፊት ተብላ የተሰካችውን ቀዳዳዋ ጠባብ ፕላስቲክ በመርፌ አፍንጫ ጉጠት መዘዛት። ሳጥኑ ወዲያው ይሞላ ጀመር። ከውጭ ዕቃ የምትጭኑ ሁሉ፣ ያችን ፕላስቲክ አስታውሱ።

የመሙያውን ማጣሪያም አጥቦ አሳየኝ፤ አሸዋ ነበረባት። ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ቧንቧው ውስጥ የተቀመጠውን ዝቃጭ ይዞ ስለሚመጣ፣ የግቢውን ዝቅተኛ ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ ማፍሰስ፣ ከዚያ ወደ ቤት መልቀቅ ነው።

ሴራሚክ ይፈርስበታል የተባለውን ሽታ የፈታው አንድ ጆግ ውሃ ነው። ከማፍሰሻው ሥር ያለው ሲፎን ጠማማ የሆነው ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይዞ የጉድጓዱን አየር እንዲያግድ ነው። ውሃ ስለጠፋ ሁላችንም ግቢ በሳፋ ስንታጠብ ሻወሩ ሁለት ሳምንት ውሃ አላየም፤ ሲፎኑ ደርቋል። ጆጉን ደፋበት፣ በቃ። ለዚህ አንድ ሳንቲም አልጠየቀም። እኔ ግን ሴራሚኩን ለማስፈረስ ግማሽ ልቤ ፈቅዶ እንደነበር አልደብቅም።

የተደፈነውን ሳህን ረጅም ሽቦ አስገብቶ ሲስብ የወጣው ነገር አሳፈረኝ። እኔ ራሴ ለልጆች ብዬ ያመጣሁት እርጥብ ሶፍት ነበር። ተራው ሶፍት ውሃ ውስጥ ይበታተናል፤ ያኛው እንደ ጨርቅ ነው፣ አይበታተንም። የውጭውን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ከፍቶ አየና አልሞላም፣ መምጠጫ መኪና አያስፈልግም አለ። የወንድሜ ልጅ አሲድ ገዝቶ ሊደፋ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቴ ደግሞ ጠዋት በረኪና ደፍታለች። ባለሙያው የተቆጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ፣ በዚያች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ይገድላል።

የእጅ ዋጋ 1,200 ብር አለኝ፣ ዕቃውን እኔ ራሴ ገዝቼ። ዕቃው አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ፣ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለፈውን ዓመት ዋጋ ይዞ መከራከር ከንቱ ነው። እኔ እንኳ በእጅ ዋጋው ልከራከር አፌን ስከፍት እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን ብሩን አልተቀበለም፤ «ሌሊቱን ይፈተሽ፣ ነገ ትሰጡኛላችሁ» ብሎ ሄደ። ወለሉን ጭቃ አድርጎት ነው የሄደው፣ ያንን እኔ ነኝ የወለወልኩት።

ንጋት ላይ ወጥቼ ሮቶውን በጣቴ አንኳኳሁት። ሙሉ ነው። እናቴ ግን እስከምመለስ ድረስ ስታወራ የከረመችው ስለ ቀይ ሥሩ ነበር፤ ለእንግዳ ሰላጣ ብላ ነበር የቀቀለችው።