ሴንት አንድሩስ ወይስ ፕሬስትዊክ?

በስኮትላንድ ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳዎች በአንዱ ብቻ ለመጫወት ጊዜ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴንት አንድሩስን ይመርጣል፤ ፕሬስትዊክ ግን በከንቱ የተዘነጋ ይመስለኛል።

አነዳደፍ፦ የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በዘመናት ጨዋታ የተቀረጸ ሲሆን፣ በ1764 እ.ኤ.አ. ከ22 ቀዳዳዎች (ከመነሻ እስከ ጉድጓድ ያሉ የጨዋታ ክፍሎች) ወደ 18 ዝቅ ብሏል። ፕሬስትዊክ በተቃራኒው አድጓል፤ የጎልፍ ተጫዋቹ ኦልድ ቶም ሞሪስ በ1851 በ12 ቀዳዳዎች ነደፈው፣ በ1860 የመጀመሪያውን ኦፕን ሻምፒዮና (ታላቁን የብሪታንያ የጎልፍ ውድድር) አስተናገደ፣ በ1880ዎቹም ወደ 18 ሰፋ። ከ24 ውድድሮች በኋላ ኦፕንን ያጣው፣ በ1925 ጠባቡ ሜዳ የተመልካቹን ብዛት መሸከም ስላቃተው ነው።

ፈተና፦ በሴንት አንድሩስ ሰባት ሰፋፊ ግሪኖች (ጉድጓዱ ያለባቸው አጭር ሣር ቦታዎች) እያንዳንዳቸው የሁለት ቀዳዳዎች የጋራ ስለሆኑ ኳሱ ግሪን ላይ ደርሶም ገና ረጅም መንገድ ሊቀረው ይችላል። በፕሬስትዊክ ግን ችግሩ አለማየት ነው። «ሂማላያ» በሚባለው 5ኛ ቀዳዳ ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ ግሪኑን ስለሚጋርደው፣ ተጫዋቹ በኮረብታው ላይ የተተከለውን ባለቀለም ምልክት አነጣጥሮ ይመታል፤ ከፊቱ ያሉት ጨርሰው መውጣታቸውንም በደወል ድምፅ ያውቃል። ይህ ጨዋታውን ለዕድል ይተወዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ዛሬ ማንም ደፍሮ የማይነድፈው በመሆኑ እወደዋለሁ።

ወጪና ተራ፦ ሁለቱም ርካሽ አይደሉም። ኦልድ ኮርስ የሕዝብ ቢሆንም ብዙው ጎብኚ በዕጣ ይገባል፣ እሑድም በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ፕሬስትዊክ የግል ክለብ ሆኖም እንግዳ ይቀበላል።

ዕጣ ለመጠበቅ ትርፍ ቀናት ላለው፣ በሜዳው ላይ ያለውን ዝነኛውን የስዊልከን የድንጋይ ድልድይ መሻገር ለሚመኝም ሴንት አንድሩስ ይሻላል። ቀኑን አስቀድሞ መቁረጥ ለሚፈልግና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን አነዳደፍ በቅርብ ማየት ለሚሻ ፕሬስትዊክ ይመቻል።