የሞተር ታንከር ቀለም፦ ስፕሬዩ ብቻውን ይበቃል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ የሞተራችሁን የቤንዚን ታንከር ቤታችሁ ራሳችሁ ቀለም ልትቀቡ ካሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ወንድሜ ከጨረታ የገዛውን የያማሃ ኤጂ 100 ታንከር አሮጌውን ቀለም ፍቀን እንደ አዲስ ቀባነው። ዕቃውን ሁሉ የገዛነው ከከተማው የቀለም ሱቆች ነው።

በጣም የወደድኩት የቀለም ማስለቀቂያውን ጄል ነው። በብሩሽ ወፈር አድርጎ መቀባት፣ በላስቲክ መሸፈን፣ መጠበቅ፣ በቃ። ቀለሙ ይጨማደድና በፕላስቲክ መፋቂያ ገፋ ሲያደርጉት ተጠቅልሎ ይነሳል። ከላይ የነበረው ቀይ ሲላጥ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፤ ከአረንጓዴውም ሥር ሞተሩ ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት የጻፈው ቁጥር ብቅ አለ። ይሄን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ እንፋቅ ብንል ክንዳችን ይዝል ነበር።

ግን ወገን፣ ጥንቃቄ! የማስለቀቂያው ዕቃ ጀርባ ላይ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ካለ ቤት ውስጥ እንዳትከፍቱት። ትነቱ ሰው ይገድላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቤት ተጠቃሚ በችርቻሮ እንዳይሸጥ የከለከለችውም ሰው ስለሞተበት ነው። ደጅ ላይ፣ ነፋስ ባለበት፣ ለኬሚካሉ የሚሆን ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ፤ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ። ታንከሩንም ቢሆን ቤንዚኑን ገልብጦ መተው አይበቃም፤ ባዶው ውስጥ የሚቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። በሳሙናና በውሃ ደጋግሞ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ግራይንደር በፍጹም።

አንቲ ረስቱ (ዝገት የሚከላከለው የመሠረት ቀለም) ጥሩ ነው፣ ግን ሳይውል ሳያድር መቀባት አለበት። እንደ ማርቆስ ባለ እርጥብ አገር የተፋቀ ላሜራ ራቁቱን ካደረ ጠዋት ላይ ቡናማ ዝገት ይዞ ነው የምታገኙት። ከመቀባቱ በፊት ላሜራውን በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ በቲነር ጥረጉት፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ስቱኮ ለጎደጎደ ቦታ ብቻ፣ ያውም በስሱ።

አሁን ዋናው ነገር። የቆርቆሮ ስፕሬይ ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በስሱ ደራርቦ ለነፋ ሰው አይፈስም። ችግሩ ቤንዚን አይችልም። እኛ አገር ደግሞ ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ከጀሪካን ነው የሚቀዳው፣ ሁሌም ክዳኑ ዙሪያ ጠብ ይላል። ባለ ስፕሬዩን የሙከራ ላሜራ ላይ ቤንዚን ጠብ አድርጌ በጥፍሬ ስነካው እንደ ማስቲካ ተለጠፈብኝ። የቆርቆሮ ክሊርም (ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ቀለም አልባ መሸፈኛ) ቢደረብበት ያው ነው። አንድ ባለ ሱቅ “ይሄ ብቻውን ይበቃል” ብሎኝ ነበር፤ አይበቃም!

የሚያዋጣው ባለ ሃርድነሩ (ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት) ክሊር ነው። ከስፕሬዩ በጣም ይወደዳል፣ ከሃርድነሩ ጋር ከተቀላቀለም በኋላ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠጥር የሚበቃችሁን ያህል ብቻ አዘጋጁ። ልኬቱን ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ እንጂ በግምት አይሆንም። ሲነፋ የሚወጣው ጭጋግ ግን አስም ያመጣል፣ የጨርቅ ማስክም አያቆመውም። ስለዚህ እኛ መሠረቱንና ቀለሙን ቤት ሠርተን ክሊሩን ብቻ ኮምፕሬሰርና ትክክለኛ ማስክ ያለው ጋራዥ አስነፋነው። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው አሠራር ይሄ ነው። ከደረቀ በኋላ ያንኑ ፈተና ደገምኩት፤ ቤንዚኑን በጨርቅ ጠረግኩት፣ ምንም ምልክት የለም።

ጊዜውን ደግሞ ምረጡ። በክረምት እርጥበቱ ክሊሩን ያደበዝዘዋል። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው፤ ውቂያ ሲጀመር ግን ገለባው እየበረረ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል። ተነፍቶ ካለቀ በኋላም ሳትቸኩሉ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ቤንዚን አትሙሉበት።