ሐዋሳ ላይ የወሰድኩት የሞርፊን ስልጠና፦ ያዋጣል ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያዋጣል፣ ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ብታሳልፉት ብዙም አይቀርባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ሐዋሳ ላይ "ኦፒዮይድ መድኃኒቶችን በጥንቃቄ ማዘዝ" የሚል የሦስት ቀን ስልጠና ወስጄ ነበር፤ ኦፒዮይድ ማለት እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ከከተማው ራቅ ባለ ሆስፒታል ነው። የአዘጋጁን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለ ይለፈኝ። አበል የለውም። ልድገመው፣ አበል የለውም። እንዲያውም ከኪሳችን ከፍለን ነው የገባነው፤ እኔን የወር ደሞዜን ሩብ ያህል አስወጥቶኛል። ስልጠና ሲባል አዳማ ወርዶ፣ አበል ፈርሞ መመለስ ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ለሲፒዲ (ለተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥቡ ብለው ነው የመጡት ብሎ የሚያማን ይኖራል። እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሽ በግማሽ ለዚያው ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ቀን በፕሪ ቴስት፣ ማለትም ከስልጠናው በፊት በሚሰጥ ፈተና፣ ተጀመረ። ከዚያ አሜሪካ ገባን፤ እስከ ማታ ድረስም አልወጣንም። ኦክሲኮንቲን የሚባለው ኦፒዮይድ እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ገበያ ላይ ሲውል አምራቹ ፑርዱ ፋርማ "ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው" እያለ ሐኪሙን እንዴት እንዳሳመነ፣ ኋላም በ2007 እና በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን እንዳመነ ሰማን። በ1980 አንድ የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣች፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ ለዓመታት እንደ ትልቅ ማስረጃ ስትጠቀስ መኖሯንም ሰማሁ። ይቺ ታሪክ እንኳ ቡናዬን አስቀዝቅዛኛለች። እዚያ አገር እነዚህን መድኃኒቶች ለማዘዝ ፈቃድ የሚያወጣም ሆነ የሚያድስ ባለሙያ ከሰኔ 2023 ጀምሮ የ8 ሰዓት ስልጠና መውሰዱን ማረጋገጥ አለበት። ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በመድኃኒትና በዕፅ ብዛት ሲሞትባቸው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ግን እኛ ጋ ያለው በሽታ ሌላ ነው። እኛ ሞርፊንን እንደ እባብ እንሸሻለን፣ ቀለል ይላል የሚባለውን ኦፒዮይድ፣ ትራማዶልን፣ ደግሞ እንደ ከረሜላ እናድላለን። ይሄን የመጀመሪያው ቀን አሰልጣኝ ያወቁት አልመሰለኝም።

በጣም ያናደደኝ አንዱ ስላይድ ነው። በቀን ከ90 ሚሊ ግራም ሞርፊን ጋር የሚመጣጠን መጠን አትለፉ ይላል። ይሄ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2016 ያወጣው ምክር ነው። በ2022 ሲከለስ እንዲህ እንደ ግድግዳ የሚቆም ቁጥር መሆኑ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ብዙ ሐኪም ቁጥሩን እያየ የለመዱ ሕመምተኞችን መድኃኒት በድንገት ቆረጠና ሰው ተጎዳ። በዚያ ላይ መመሪያው ራሱ የካንሰር ሕመምንና የማስታመም ሕክምናን (የጽኑ ሕመምተኛን ሥቃይ ማቅለልን) አይመለከትም። አጠገቤ የተቀመጠ ፋርማሲስት እጁን አውጥቶ "ዶክተር፣ ይሄ እኮ ለካንሰር ታማሚ አይሠራም" አላቸው። "እንመጣበታለን" አሉ። አልመጣንበትም። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሻይ ጠጣን፣ ቀኑም እንደዚያው አለቀ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ግን አንዲት ሲስተር መጣች። የማስታመም ሕክምና ላይ ብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ስላይዷ አሥር አይሞላም። ገና ከመግባቷ "ሞርፊን ማዘዝ ሲገባችሁ ፈርታችሁ የተዋችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ" አለች። መጀመሪያ ዝም አልን። ከዚያ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፣ ቀስ በቀስም አብዛኛው አዳራሽ ተከተለ። እኔም አወጣሁ።

የማኅፀን በር ካንሰር የነበረባቸው አንዲት እናት ትዝ ብለውኝ ነው። ትራማዶል ጀመርኩላቸው። በቀን 400 ሚሊ ግራም፣ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ አደረስኩት፤ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ሌላ ማስታገሻም ጨመርኩ። ልጃቸው በየጠዋቱ "ዶክተር፣ እማዬ ዛሬም አልተኛችም" ትለኝ ነበር። የሚዋጥ ሞርፊን ሆስፒታላችን ውስጥ ነበረ። የናርኮቲክ ማዘዣውን ወረቀት አውጥቼ መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። ትንፋሻቸው ቢቆምስ፣ ብጠየቅስ እያልኩ ሳመነታ ዘጠኝ ቀን አለፈ። እሳቸውም አለፉ።

ሲስተር ታዲያ ስብከት ውስጥ አልገባችም። ቀጥታ ወደ ቁጥር ነው የሄደችው። አዲስ ለሚጀምር አዋቂ ሰው የሚዋጥ ሞርፊን 5 ሚሊ ግራም በየአራት ሰዓቱ፤ አቅሙ ለደከመ፣ ላረጀ ወይም ኩላሊቱ ለታመመ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ራቅ እያደረጉ። በመሀል ሕመሙ ፈንቅሎ ሲመጣ ለመጨመሪያ የሚሰጠው የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ በቀን 60 የሚወስድ ሰው 10 ያገኛል ማለት ነው። ከዚያ መልመጃ ሰጠችን። በደም ሥር 10 ሚሊ ግራም ሲሰጠው የነበረ ሰው ወደሚዋጥ ሲዞር ስንት ይውሰድ? መልሱ 30 ነው፤ የሚዋጠው ከመርፌው ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። የእኛ ጠረጴዛ 10 ብሎ ጻፈ፣ ማለትም ሰውየውን ከሚያስፈልገው ሲሶ ሰጥተን ወደ ቤቱ ሸኘነው። ሌላ ጠረጴዛ በተቃራኒው ዞሮ ከሚዋጠው ወደ መርፌ ሲቀይር ቁጥሩን ሳይቀንስ ቀረ። እሱ ደግሞ ገዳይ ነው። ሦስት ሐኪሞች ነበሩበት፣ ማን እንደሆኑ አልናገርም።

"ሞርፊን አዝዞ የሆድ ማለስለሻ የረሳ ሐኪም፣ በሦስተኛው ቀን ሕመምተኛው ራሱ መጥቶ ያስታውሰዋል" አለችና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቢሳኮዲል ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ፣ በቃ።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ግን የትራማዶሉ ክፍል ነው። ኮዴይንና ትራማዶል ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ነው ወደ ጠንካራው መልካቸው የሚቀየሩት። አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ጂን ከአንድ በላይ ደርቦ ስለሚወለድ መድኃኒቱን በፍጥነት ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ተራ የሚመስለው መጠን ከመጠን በላይ ይሆንበታል። በ1996 የታተመ ጥናት ላይ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ይሄ ድርብ ጂን ተገኝቶባቸዋል። ሃያ ዘጠኝ በመቶ! ያሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሁለቱንም ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይሰጡ ያለው ያለ ነገር አይደለም። ትራማዶል የሚጥል በሽታን እንደሚቀሰቅስ፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም አደገኛ እንደሚሆን አንዳችንም ፕሪ ቴስቱ ላይ በትክክል አልመለስንም። እኛ "ቀላሉ" ብለን የምናዘው እሱን ነው እንግዲህ።

ሞርፊን ሲበዛ ማርከሻ የሆነው ናሎክሶንም በደንብ ተነሳ። መርፌው ሰውየውን ቢያነቃውም ሞርፊኑ ሳያልቅ የናሎክሶኑ ጉልበት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ነቃልኝ ብሎ ወደ ሌላ አልጋ መሄድ የለም፤ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ መቁጠር ነው።

ከሰዓት በኋላ ድራማ ሠራን። አንዷ ተሳታፊ የታማሚውን ታላቅ ልጅ ሆና "ሞርፊን የመሞቻ መድኃኒት ነው፣ አባቴን ተስፋ ቆረጣችሁበት?" ብላ ስትጮህ ሐኪም ሆኖ የተቀመጠው ባልደረባችን እውነት መስሎት ላብ አጠመቀው። ሲስተር አስቆመችውና "አትከራከራት፤ መጀመሪያ ምን እንደሰማች ጠይቃት" አለችው። ይቺን በማግስቱ ዋርድ ውስጥ ሞከርኳት ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን በማግስቱ ገና ስልጠና ላይ ነበርኩ።

ሦስተኛው ቀን ስለ ወረቀትና ስለ ቁልፍ ነው። ልዩ ማዘዣው እንዴት እንደሚሞላ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ መዝገቡ፣ ከአምፑል የተረፈውን ምስክር ባለበት ስለማስወገድ። ደረቅ ነው፣ ግን ያስፈልጋል። ሰው ሞርፊን የሚፈራው ግማሹን ወረቀቱን ስለሚፈራ ነው። ሲስተር በመሀል ገብታ አንድ ነገር ጣል አደረገች፦ ላንሴት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳወጣው በዓለም በዓመት ይከፋፈል ከነበረው፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ነው። አንድ ጤና መኮንን "እሺ፣ ሞርፊኑ ሲያልቅስ ምን እናድርግ?" ብሎ ጠየቀ። አዘጋጆቹ ተያዩ። ለዚህ የተመደበ ሰዓት አልነበረም። በእኔ ግምት አንድ ሙሉ ጠዋት ይገባው ነበር፣ የአሜሪካው ጉዞ ቢያጥር ይበቃል።

ሌላው ሌላው፦ ምሳው ደህና ነው፣ ወንበሩ ወገብ ይፈጃል፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የአባቴን ስም አሳስተው ጽፈውልኝ እስካሁን አልታረመም። የተሰጠን መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ እኔ የምጠቀመው ሲስተር በእጇ ጽፋ ያባዛችልንን አንድ ገጽ የመጠን ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ነርስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሆስፒታላችሁ ፋርማሲስቱንና አንዲት የዋርድ ነርስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የሰለጠነ ሐኪም ተመልሶ የሚያዘው የሌለ መድኃኒት ነው። ስትመዘገቡም ሁለተኛውን ቀን ማን እንደሚያሰለጥን ጠይቁ። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ለመብላት ካሰባችሁ ደግሞ ስልጠናው ሳይጀምር በጠዋት ሂዱ።