ነጭ ወይን ይቆያል ወይ? አራት የአውስትራሊያ ነጮች ጎን ለጎን

ባለፈው ዓመት ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ አንድ ዘመዳችን ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ። አባትየው "18 ሲሞላው አብረን የምንከፍተው ወይን ፈልግልኝ" አለኝ። እዚህ አገር ሕጉ መጠጥ መግዛት የሚፈቅደው በ18 ስለሆነ ነው። ነጭ ወይን ይዤ ስገባ የልጁ አያት ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩትና ሳቁ። "አይ ልጄ! ነጭ እንኳን ለ18 ዓመት ለፋሲካም አይደርስ።"

ጋሼ ብዙም አልተሳሳቱም። ሱቅ ውስጥ ከተደረደረው ነጭ ወይን አብዛኛው ቶሎ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ሶቪኞን ብላን ወይም ፒኖ ግሪጆ ከገዛችሁ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ጨርሱት። ሲቆይ ጠረኑ ይጠፋል እንጂ አይሻሻልም። ግን አውስትራሊያ ሲቆዩ ሌላ መጠጥ የሚሆኑ ጥቂት ነጮች አሏት። የሚገርመው፣ ከእነሱ ውስጥ ርካሾችም አሉ።

ቀይ ወይንን ለማቆየት ከፍሬው ቅርፊት የሚወጣው፣ ምላስ የሚያደርቀው ታኒን ይረዳል። ነጩ ያ የለውም ማለት ይቻላል። የሚቆመው በአሲዱ ነው። ስለዚህ ለማስቀመጥ የምትመርጡት ነጭ፣ ዛሬ ስትቀምሱት አፍ የሚሰበስብ ኮምጣጣነት ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ለስላሳና ደስ የሚል ከሆነ ዛሬውኑ ጠጡት።

በዚህ መለኪያ ሴሚዮን የሚባለውን የነጭ ወይን ዓይነት የሚስተካከል የለም። ከሲድኒ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢነዱ የሴሚዮኑ አገር ሃንተር ቫሊ ይደርሳሉ። ቦታው ለወይን የሚመች አይመስልም። ይሞቃል፣ እርጥበት አለው፣ ዝናቡም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልክ ፍሬው ሊበስል ሲል ነው። አምራቹም ቀድሞ ይለቅማል። ቀድሞ የተለቀመ ፍሬ ደግሞ ስኳሩ ትንሽ፣ አሲዱ ብዙ ነው። አልኮሉ 10 ወይም 11 ፐርሰንት አካባቢ ላይ ይቀራል። ወይኑ የእንጨት በርሜል ሳያይ፣ ፈልቶ ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።

በአፍላነቱ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውሃ ይመስላል። ብዙ ሰው አንዴ ቀምሶ "ይሄ ምኑ ነው?" ብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። እኔም ትቼው ነበር። በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት የአንድ አምራች ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ከፈትን፤ አንዱ የ1 ዓመት፣ አንዱ የ12 ዓመት። የመጀመሪያው ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፣ ዳር ዳሩ ብቻ ወደ አረንጓዴ ይላል። ሁለተኛው የነጠረ ቅቤ መልክ አለው። አፍንጫዬን ብርጭቆው ላይ ሳደርግ የተጠበሰ ዳቦ፣ ከላዩም ማር። "በርሜል ገብቶ ነበር እንዴ?" አልኩት። አልገባም። የዳቦው ሽታ ጠርሙሱ ውስጥ በራሱ የመጣ ነው። ስቀምሰው ደግሞ ጣፋጭ አይደለም። ጠጅ ቤት ገብቶ "ደረቅ" ብሎ የሚያዝ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ ሽታው ማር፣ ጣዕሙ ደረቅ።

ግን አንድ ወጥመድ አለው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ሴሚዮን ዝም ይላል። የልጅነት ሎሚው ሄዷል፣ ዳቦና ማሩ ገና አልመጣም። በዚህ ጊዜ የከፈተ ሰው "ተበላሸ" ብሎ ቀሪውን ካርቶን ለጎረቤት ያድላል። አታድሉ። ትዕግሥት ከሌላችሁ ደግሞ ሌሎች ይጠብቁላችሁ። እንደ ቲረልስ ቫት 1 ወይም የማውንት ፕሌዘንት ላቭዴል ያሉትን አምራቾቹ ራሳቸው ለዓመታት አስቀምጠው ነው ለገበያ የሚያወጧቸው። ለዚያ ጥበቃ ግን ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው ነጭ፣ ሪዝሊንግ፣ እንደዚህ አያስቸግርም። ምርጦቹ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከአደሌድ ከተማ ብዙም ሳይርቁ፣ ክሌር ቫሊና ኤደን ቫሊ ይገኛሉ። ከሴሚዮን የሚለየው ዋናው ነገር በአፍላነቱም መጣፈጡ ነው። ዛሬ ብትከፍቱት የአረንጓዴ ሎሚ ሽታው ጠርሙሱን ያስጨርሳል፤ 10 ዓመት ብታስቀምጡት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀጠሮ የማያከብር ሰው ቤት የሚገባው ወይን ይሄ ነው።

ሲያረጅ ግን ላምባ ይሸታል። አዎ፣ ላምባ። በኩራዝ ያጠና ሰው ሽታውን አይስተውም። ጥፋቱ የጠርሙሱ አይደለም። ቲዲኤን የሚባል ንጥረ ነገር ወይኑ ሲቆይ እየጨመረ ይሄዳል፤ ፍሬው ብዙ ፀሐይ ካገኘ ደግሞ ይበረታል። አውስትራሊያ ፀሐይ መች አጥታ! ትንሽ ሲሆን ከሎሚውና ከተጠበሰው ዳቦ ጋር ይስማማል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫ ይይዛል። እኔ እወደዋለሁ። ባለቤቴ "ምድጃው ፈሰሰ እንዴ?" ትላለች። ስለዚህ ካርቶን ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት ያረጀ አንድ ጠርሙስ ፈልጋችሁ ቅመሱ። የፒውሲ ቬል ዘ ኮንቱርስ ለዚህ ሙከራ ይመቻል፤ ሱቅ የሚደርሰው ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው። በስሙ የታወቀው የክሌሩ ግሮሴት ፖሊሽ ሂል ነው፤ እሱን ግን ቢያንስ 10 ዓመት ሳይሞላው የሚከፍት ሰው ገንዘቡን ከሰረ እላለሁ።

እዚህ ላይ የክዳን ነገር ይነሳ። እ.ኤ.አ. በ2000 የክሌር ቫሊ አምራቾች ተባብረው ሪዝሊንጋቸውን በቡሽ ማሸግ ትተው የሚጠመዘዝ ክዳን አደረጉበት። በቡሽ ዘመን አንድ ካርቶን ለ10 ዓመት ስታስቀምጡ አንዱ ጠርሙስ ንጹሕ፣ አንዱ የቡሽ ሻጋታ የሚሸት፣ አንዱ አየር ገብቶበት የጠቆረ ይሆን ነበር። አሁን አሥራ ሁለቱም ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። የሚጠመዘዝ ክዳን አይታችሁ "ርካሽ ነው" እንዳትሉ። ለማስቆየት እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ሦስተኛው ነጭ፣ ማርሳን፣ የድሃ ወዳጅ ነው። ታቢልክ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1860 የተመሠረተ የቪክቶሪያ አምራች፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተተከለ የማርሳን ተክል እስከ ዛሬ ይለቅማል። የዚያ አሮጌ ተክል ወይን ለብቻው፣ ዓመታት ቆይቶ ይወጣል። ተራው ማርሳን ግን 20 የአውስትራሊያ ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ 8 ወይም 10 ዓመትም በደስታ ይቆያል። እንደ ሴሚዮን ጥልቅ አይሆንም። ማሩ ግን ይመጣል። ማቆየትን መለማመድ የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

ሻርዶኔን መጨረሻ ያደረግሁት ስላቃጠለኝ ነው። ከማርጋሬት ሪቨር፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ፣ የመጣ ጥሩ ሻርዶኔ በስጦታ አግኝቼ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ስድስት ዓመት። ስከፍተው ቀለሙ ሻይ፣ ሽታው የተቆረጠና የተረሳ ፖም ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው። ፍሪጅ ከላይ ሙቀት ይተፋል፣ ይንቀጠቀጣልም። ግን ሴሚዮን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ሻርዶኔ በኦክ በርሜል ይሠራል፣ አሲዱም ብዙ ጊዜ ለዝቦ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ግድየለሽ ሰው አይወድም። ትልልቆቹ፣ ለምሳሌ የሉዊን ኤስቴት አርት ሲሪስ፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፤ አንዱ ጠርሙስ ግን ከ100 ዶላር በላይ ነው። መካከለኛ ዋጋ ያለውን በ5 ዓመት ውስጥ ጠጡት።

ከወይኑ ዓይነት እኩል የሚወስነው ቤታችሁ ነው። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ የማይለዋወጥ ሙቀት ቢገኝ ደግ ነበር። የሜልቦርን በጋ ግን አንዳንድ ቀን 40 ዲግሪ ያልፋል። ምድር ቤት ከሌላችሁ ፀሐይ የማይነካው የውስጥ ክፍል፣ ቁም ሳጥን ሥር፣ መሬት ላይ አድርጉት። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም፤ ቡሽ ያለውን ግን አጋድሙት። ቤታችሁ የሚጋል ከሆነ ሻርዶኔን እርሱት፤ ሪዝሊንግና ሴሚዮን ግዙ፣ ከተባለው ጊዜም ጥቂት ዓመት ቀንሱ።

ለልጁ በመጨረሻ የገዛሁት የተወለደበት ዓመት የኤደን ቫሊ ሪዝሊንግ ስድስት፣ የሃንተር ሴሚዮን ስድስት ነው። እዚህ ለቀማው ከጥር እስከ መጋቢት ስለሆነ በሐምሌ ለተወለደ ልጅ የዚያው ዓመት ምርት አይቸግርም። ምርጥ ምርጦቹን ለፈለገ ግን ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ነው፤ ገና ገበያ አልወጡም። አሥራ ሁለት የገዛሁት በየሦስት ዓመቱ ከየዓይነቱ አንድ እየከፈቱ እንዴት እንደሚሄድ እንዲያዩ ነው። በየካርቶኑ ላይ በትልቁ "አትንኩ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጋሼ እስካሁን አላመኑኝም። ሁለቱን ለፋሲካ ይከፈቱልኝ ብለዋል።