ሪፖል ወይስ ማድሪድ? አሮጌ የስፔን ባለባልጩት ሽጉጥ ለመግዛት ላሰባችሁ

የድሮ የስፔን ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቶሎ ጌጡ ላይ ያርፋል። ሻጩም ይህን ያውቃል። እኔ ግን ጌጡ መጨረሻ ይታይ ባይ ነኝ። መጀመሪያ መተኮሻው፣ ማለትም ባልጩቱን ከብረት አጋጭቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል፤ ቀጥሎ አፈሙዙ ላይ ያለው ማህተም።

ሚኬሌት የሚባለው መተኮሻ የስፔን ዋና መለያ ነው። ትልቁ ሞላ ከውጭ በኩል ተጋድሞ ይታያል። ባልጩቱን አጥብቆ የሚይዘው ብሎን አናቱ ላይ ቀለበት አለው። ባልጩቱ የሚመታው ብረት የባሩዱ ማስቀመጫ ክዳንም ነው፤ ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ቦዮች ይኖሩታል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ኦቶማኖችና የካውካሰስ ሰዎችም በዚሁ ስልት ሠርተዋል። የካውካሰሱ ምላጭ ድቡልቡል ነው፣ ዙሪያውን የሚከልለው ብረትም የለውም። «ሚኬሌት ስለሆነ የስፔን ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትቸኩሉ።

ሪፖል ካታሎኒያ ውስጥ፣ በፒሬኒስ ተራሮች በኩል ያለች ከተማ ናት። የሽጉጧ መልክ አይሳሳትም። አጭር ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ብዙ ጊዜ መያዣው ጫፍ ላይ ኳስ አለው። እንጨቱ እምብዛም አይታይም፣ ምክንያቱም በተበሳና በተቀረጸ የብረት ወይም የናስ ላሜራ ተሸፍኗል። ላሜራውን በማጉያ መነጽር እዩት። በእጅ የተበሱ ቀዳዳዎች ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ ጠርዛቸውም እጅ ሲነካካው ኖሮ ለስልሷል። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጠርዙም ስለታም ከሆነ እኔ ገንዘቤን አላወጣም።

ብዙ ገዢ የሚደናገረው ስሙ ላይ ነው። ሪፖል ውስጥ አፈሙዝ ሠሪው፣ መተኮሻ ሠሪውና እንጨት ገጣሚው የየራሳቸው ሙያ ነበራቸው። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ አንድ ማህተም፣ መተኮሻው ላይ ሌላ ብታገኙ «ተገጣጥሞ የመጣ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ያ ጤነኛ ነው። ከተማዋ በ1839 በካርሊስቶች ጦርነት (በስፔን የዙፋን ውርስ የእርስ በርስ ጦርነት) ወድማለች፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ «የሪፖል ሽጉጥ» የሚሸጥላችሁ ካለ ጥያቄ አብዙ።

የማድሪዱ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ነበሩ፦ ሁዋን ቤለን፣ ኒኮላስ ቢስ፣ ዲዬጎ ኤስኪቬል፣ ገብርኤል ደ አልጎራ። ጌጡ ቁጥብ ነው። ውበቱ አፈሙዙ ላይ ነው፤ ግማሹ ስምንት ማዕዘን፣ ግማሹ ክብ፣ ከመነሻው አካባቢ ደግሞ ወርቅ የገባባቸው ማህተሞች። ዋናው ማህተም ዘውድ ደፍቶ የሠሪውን ስም ይይዛል። አጠገቡ ሁለተኛ ማህተም አለ፣ ብዙ ጊዜ የእንስሳ ምስል። ሁለቱ የአንድ ሰው መሆን አለባቸው። ለማመሳከር ራሱ የማድሪድ ጠመንጃ ሠሪ የነበረው ኢሲድሮ ሶለር በ1795 ያሳተመው መጽሐፍ አለ፤ የሠሪዎቹን ማህተሞች በሥዕል አስፍሯል።

የማድሪድ አፈሙዝ ከአሮጌ የፈረስ ኮቴ ብረት ተቀጥቅጦ ይሠራ ስለነበር ጥንካሬው በመላው አውሮፓ ተወራለት። ዝናው ደግሞ ፎርጅድ አመጣ። የኒኮላስ ቢስ ስም ሌሎች አገሮች በተሠሩ አፈሙዞች ላይ ሳይቀር ተመትቷል። ቢስ ከ1691 ጀምሮ የንጉሥ ካርሎስ 2ኛ፣ በኋላም የፊሊፕ 5ኛ ባለሙያ ሆኖ በ1726 ሞተ። ስሙ ካለበትና የሽጉጡ አሠራር የ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሆነ ወይ አፈሙዙ ከሌላ መሣሪያ የተወሰደ ነው፣ ወይ ማህተሙ ውሸት ነው።

በሰሜን ስፔን ያሉትን የባስክ ከተሞች ኤይባርንና ፕላሴንሲያን በአጭሩ ልለፋቸው። ለንጉሡ ጦር ብዙ መሣሪያ የወጣው ከዚያ አካባቢ ነው። ለጦር የተሠራው ጌጥ የለውም፣ ጠንካራ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ግዢ ሪፖልን እመርጣለሁ። የማድሪዱ ዋጋ ስሙ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ስሙ ሐሰት ከሆነ ገንዘቡ ቀለጠ። የሪፖሉ ዋጋ ግን ላሜራውና አሠራሩ ላይ ስለሆነ በዓይን ይጣራል። የትኛውንም ብትመርጡ ሻጩ መተኮሻውን ፈትቶ የእንጨቱን ውስጥ ፎቶ ያንሳላችሁ። ብረቱ የተቀመጠበት ቦታ ያለ ክፍተት ልክክ ማለት አለበት። ትርፍ ቀዳዳ ወይም አዲስ የተፋቀ እንጨት ካያችሁ መተኮሻው ተቀይሯል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ።