በገበያ የሚሸጠው የዲፈረንሻል ክዳን የዋጋውን ያህል ይጠቅማልን?

በአሜሪካ ለፒክአፕና ለኤስዩቪ ባለቤቶች ከሚቀርቡት ተጨማሪ ዕቃዎች መካከል የዲፈረንሻል ክዳን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን በአክስሉ መሐል ያለውን የጥርሶች ክፍል የሚዘጋው መሸፈኛ፣ ብዙ የሚነገርለት ነው። ሻጮቹ ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ አክስሉን ከአደጋ ይጠብቃል፣ የዘይት ቅያሪን ያቀላል ይላሉ፤ ዋጋውም እንደ አሠራሩ ከ100 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እውነትነት አላቸው። በማስታወቂያ ጎልቶ የሚወጣው የመጀመሪያው ግን ጠበቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በእነዚህ አክስሎች ውስጥ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የለም። የታችኛው ክፍሉ ዘይት ውስጥ የተነከረው ኮሮና (ትልቁ ክብ ጥርስ) ሲሽከረከር ዘይቱን ይዞ በክዳኑ በኩል ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ክዳን የኮሮናውን ክብ ተከትሎ የጎበጠ በመሆኑ፣ ዘይቱ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተንሸራቶ በላይ ካለፈ በኋላ ኮሮናውን ወደሚያዞረው ትንሽ ጥርስ፣ ወደ ፒኞኑ ኩሽኔታዎች ይደርሳል። ያ ርካሽ የሚመስል ላሜራ እንግዲህ መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን የዘይት መንገድም ነው። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ ወፍራም የአሉሚኒየም ክዳን ሲገጠም መንገዱ ይሰበራል፤ ዘይቱ ግድግዳውን መትቶ ይበተናል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ አረፋም ይሆናል። አረፋ የሆነ ዘይት ጥርሶቹን በሚገባ አይቀባም፣ ሙቀትንም በሚገባ አይሸከምም። አሜሪካዊው የሞተር ባለሙያ ጌል ባንክስ ውስጡን በሚያሳይ ክዳን ይህንኑ የዘይት ፍሰት በቪዲዮ አሳይተዋል። ድርጅታቸው ራሱ ክዳን ሠርቶ የሚሸጥ መሆኑን አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም፤ ሆኖም ዘይቱ በዓይን ሲታይ ክርክሩ ከሻጭ ቃል በላይ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ።

ክዳኑ ተጨማሪ ዘይት ይይዛል መባሉም ብቻውን አያሳምነኝም። ብዙ ዘይት ለመሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል እንጂ፣ ከባድ ተጎታች ይዞ ረጅም ዳገት ለሚወጣ መኪና የሚመነጨውን ሙቀት አያስቀርም። የዘይቱ ከፍታ ከሚገባው በላይ ከሆነ ደግሞ ኮሮናው ይበልጥ ዘይት ስለሚያማታ ራሱ ሙቀት ይጨምራል፤ የተረፈው ዘይትም በአክስሉ መተንፈሻ በኩል ሊወጣ ይችላል።

ከድንጋይ መጠበቅን በተመለከተ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ጂፕ ራንግለርን በመሰሉ፣ ዳና 30 ወይም ዳና 44 የተባለ አክስል የተገጠመላቸው መኪኖች የፊት አክስል ክዳን ወደ ፊት ስለሚመለከት ድንጋዩን የሚመታው ቀድሞ እርሱ ነው፤ የኋላው ደግሞ ከድንጋይ ላይ ሲወርዱ ወይም ወደ ኋላ ሲሄዱ ይመታል። ቀጭኑ ላሜራ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ ኮሮናውን ሊነካ፣ ጠርዙም ተገልጦ ዘይት ሊያፈስ ይችላል። የአውስትራሊያው የመኪና ተጨማሪ ዕቃ አምራች ኤአርቢ እንደሚሠራው ያለ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የወጣ ወፍራም ክዳን ለዚህ ዓይነት መንገድ ትክክለኛው ዕቃ ነው። የኩሽኔታ መያዣዎችን የሚደግፉ ቡሎኖች ያሉት ዓይነት በዋናነት ለድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥተኛ መንገድ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር) የታሰበ ስለሆነ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት አያስፈልግም።

ማፍሰሻ ቡሎንም እውነተኛ ጥቅም አለው፤ በርካታ የአሜሪካ አክስሎች ማፍሰሻ ስለሌላቸው ዘይት ለመቀየር ክዳኑን ፈትቶ አሮጌውን የማሸጊያ ሲሊኮን መፋቅ ግድ ይላል። እኔ ግን በየጊዜው ከፍቶ የጥርሶቹን ሁኔታ ማየትን ከዚህ ምቾት አስበልጣለሁ።

አገር ቤት መኪና ያላቸው ወገኖች ከአሜሪካ ክዳን ከማስመጣታቸው በፊት አክስላቸውን ይመልከቱ። በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት የሚታዩት ላንድ ክሩዘር 70 እና ሂሉክስ የኋላ ዲፈረንሻላቸው የሚወጣው ከፊት በኩል ነው፤ ጀርባው በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ የሚፈታ ክዳን የላቸውም፣ ማፍሰሻውም ከፋብሪካ አብሮ ይመጣል።

ስለዚህ በአስፋልት ለሚሄድና አልፎ አልፎ ለሚጎትት ሰው የፋብሪካው ክዳን ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ጥሩ ዘይት በወቅቱ ለመቀየር ቢያውለው ይሻላል። በድንጋያማ መንገድ የሚነዳ ሰው ሲገዛ ውስጡ የጎበጠውን ይምረጥ፤ በአንዳንድ ክዳኖች የመሙያው ቀዳዳ ከፋብሪካው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ እስከ ቀዳዳው ከመሙላት ይልቅ በመኪናው መመሪያ የተጻፈውን መጠን ለክቶ ይጨምር።