ውስጡን የሚያሳይ የታይሚንግ ከቨር፦ አክሪሊክ ወይስ ፖሊካርቦኔት?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮሮላቸውን የሚያሳምሩ ልጆች ሰሞኑን ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል። «ጥቁሩን የታይሚንግ ከቨር አውጥተን ጊሩንና ቤልቱን የሚያሳይ ብናስገጥም የትኛው ይሻላል?» ታይሚንግ ቤልት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው፤ ከቨሩ የሱ መሸፈኛ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው። አክሪሊክም ፖሊካርቦኔትም ውስጥ የሚያሳዩ ፕላስቲኮች ናቸው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ በሻጋታ የተሰራ ፖሊካርቦኔት ግዙ። አክሪሊኩን በነጻ ቢሰጧችሁም አትግጠሙት።

ከዋጋ በፊት ግን ሞተራችሁን እወቁ። ቪትዝ ላይ እንደምናገኘው 1ኤንዜድ ያሉ ሞተሮች ታይሚንግ ቤልት የላቸውም። በዘይት ውስጥ የሚዞር ሰንሰለት ነው ያላቸው፤ ከቨሩም ዘይት የሚይዝ ብረት ነው። ለነዚህ የሚያሳይ ከቨር አለኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ።

ውጭ አገር ተሰርተው የሚሸጡት በብዛት የውድድር ስም ላላቸው ሞተሮች ነው፤ ለቶዮታው 4ኤ-ጂኢ፣ ለቶዮታ ሱፕራው 2ጄዜድ፣ ለኒሳን ስካይላይኑ አርቢ26። እኛ ጋ ኮሮላ ላይ የምናገኘው ሞተር ግን 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ስማቸው ቢቀራረብም ፊታቸው ለየቅል ነው። በጂኢው ላይ ቤልቱ ሁለት የካምሻፍት ጊር ያዞራል። በኤፍኢው ላይ የሚያዞረው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ካምሻፍት ከቫልቭ ከቨሩ ስር በጊር ተያይዞ ይዞራል። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያጣራ ከዱባይ በሰው የጂኢ ከቨር አስመጣ። ማስመጫውን ጨምሮ 14,000 ብር ወጣበት። አንዱም ብሎን ቀዳዳውን አላገኘም። እስካሁን ገዢ እየፈለገለት ነው።

ስለዚህ ለኤፍኢ ያለው አማራጭ ማሰራት ነው። አክሪሊኩን የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሰሩ ቤቶች በሌዘር ይቆርጡታል። መጀመሪያ 3,000 ብር ይሏችኋል፤ ከተከራከራችሁ በ2,200 ይለቁታል። ፖሊካርቦኔቱን በኦርጅናሉ ልክ ሻጋታ አውጥቶ፣ ሉሁን አሙቆ የሚስብ ሰው መፈለግ አለባችሁ። እኔ የጠየቅሁት 7,500 ብሎኝ በ6,500 ተስማምተናል። ማሸጊያ ጎማው ለብቻው 600 ነው። ልዩነቱ ወደ 5,000 ብር ይጠጋል። አውቃለሁ፣ ብዙ ነው። ግን እስቲ ይህን ስሙ።

ሌላው ጓደኛዬ የ2,200ውን አክሪሊክ አስገጠመ። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም አልሆነም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ጀመረ። በረሃው ሙቀት ነው፤ ከወንዙ እስከ ደጀን ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሞተሩ ጋለ። አክሪሊክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ብሎን የጨመቀው ቦታ ላይ ለመሰንጠቅ ቅርብ ነው። ከላይኛው ብሎን ቀዳዳ የተነሳው ስንጥቅ ሄዶ ሄዶ ጥፍር የምታህል ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ገነጠለ። ቁራጯ ከጊሩ ጀርባ ገብታ የቤልቱን ጠርዝ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተረተረችው። ቤልት 3,800፣ የመወጠሪያው ኩሽኔታ 2,200፣ የእጅ ዋጋ 2,500። በድምሩ 8,500 ብር፣ የከቨሩን ሳልጨምር። ደግነቱ 4ኤ-ኤፍኢ ቤልቱ ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩበትም። ሌላ ሞተር ቢሆን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማስከፈት ይመጣ ነበር።

ፖሊካርቦኔት የሚለሰልሰው 147 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመዶሻ ቢመታም እንደ አክሪሊክ አይፈረካከስም። የመኪና የፊት መብራት መስታወት የሚሰራውም ከሱ ነው። የአክሪሊክ ብልጫው ጥራቱ ነው፤ እንደ መስታወት ኩልል ይላል፣ ቶሎም አይጫጫርም። ይህን አልክድም። ሞተር ላይ ግን ይህ ብቻውን ምን ያደርጋል?

አሁን ዋናው ችግር ፎርጅዱ ነው። አክሪሊኩን «ፖሊካርቦኔት ነው» ብለው በ6,000 የሚሸጡ አሉ። ጠርዙን እዩት። ሌዘር አክሪሊክን ሲቆርጥ ጠርዙ ተወልውሎ የወጣ ይመስላል፤ ፖሊካርቦኔትን ሲቆርጥ ግን ያጠቁረዋል፣ ያቃጥለዋል። በሌዘር ተቆርጦ ጠርዙ ካብለጨለጨ አክሪሊክ ነው። ካልሆነም የተረፈውን ቁራጭ ጠይቁና አጥፉት። አክሪሊክ ቀጭ ይላል፣ ፖሊካርቦኔት ይጎብጣል። ቁራጭ አልሰጥም ያለን ሻጭ ተዉት። ፖሊካርቦኔቱ ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን አረፋ ካያችሁ ሉሁ ሳይደርቅ ነው የተሳበው። ከማሞቁ በፊት 120 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት መድረቅ ነበረበት። አረፋ ያለበትን በግማሽ ዋጋም አልወስድም።

ሲገጠም የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ይበል። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም ከቨር ሙቀቱ 70 ዲግሪ ከፍ ሲል ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል። ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ፤ በ10 ቁልፍ እስኪጮህ አታጥብቁት። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ አታስነኩት፣ ይሰነጥቀዋል። ከሁሉም በላይ መካኒካችሁን ለምኑልኝ። እኛ አገር ጋራዥ ሁሉ ነገር በቤንዚን ነው የሚታጠበው። ፖሊካርቦኔት ቤንዚንና ቲነር ሲነካው ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል፣ 6,500 ብሩም አብሮ ይሄዳል። የሳሙና ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጥቁሩን ኦርጅናል አትሽጡት። ሱማሌ ተራ ያገለገለው 3,500 ገብቷል፣ ያውም ጆሮው ያልተሰበረ ከተገኘ። ከአስፋልት ወጥታችሁ በበጋ አቧራ ገጠር የምትመላለሱ ከሆነ እሱኑ ግጠሙ፤ ዙሪያውን በጎማ የሚዘጋ ስለሆነ አቧራና ጠጠር ቤልቱ ጋ አያደርስም። የሃይሉክስና የሃይስ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ያላችሁም እንደዚሁ። እነዚህ ቤልት ሲበጠስባቸው ቫልቭ ያጣምማሉ፤ ለማሳያ ተብሎ ከቨራቸው አይነካም።

ለሚያሰሩ አንድ የዋጋ ነገር ልጨምር። ከከቨሩ የላይኛው ቁራጭ ብቻ ይበቃል፤ ጊሩ የሚታየው በሱ ነው። «ሙሉውን ካላሰራችሁ» የሚላችሁ ሰው 12,000 ነው የሚጠይቀው፣ የታችኛው ደግሞ ሞተር ቤቱ ውስጥ ተደብቆ ማንም አያየውም። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጡ፤ ቀሪውን መኪናው ላይ ተገጥሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ቤልቱ ከቨሩን አለመንካቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።